የሞተር እድሳት፦ የቶርኖ ቤት ሥራና ወጪው በአዊ ዞን

የሞተር እድሳት ያረጀን ሞተር አውርዶ መፍታት፣ የተበሉትን ክፍሎች በቶርኖ ቤት (ብረት በሚላግበትና በሚሞረድበት ወርክሾፕ) ወደ ልክ መመለስና የማይመለሱትን በአዲስ መተካት ነው። አዲስ አበባን ከባሕር ዳር በሚያገናኘው መንገድ ላይ ባሉት የአዊ ዞን ከተሞች በእንጅባራና በዳንግላ ለሚሠሩ ሚኒባሶችና የጭነት መኪኖች እድሳት ከባድ ወጪ ስለሆነ፣ ባለንብረቱ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ብሮንዚን (የክራንክሻፍት ማረፊያ ቅርፊት) ብቻ ተቀይሮ ቢገጠም ይመርጣል። ይሁን እንጂ ቅድሚያ ሊከፈልበት የሚገባው ልኬቱና የቶርኖ ሥራው ነው፤ መለዋወጫ የሚገዛው ከዚያ ወዲያ ነው።

ሲሊንደር ከላይ እስከ ታች እኩል አይበላም። ክፉኛ የሚበላው የላይኛው ፋሻ ደርሶ በሚመለስበት ቦታ ነው፤ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ተነሥቶ ጣት ሲያልፍበት ጥፍር የሚይዝ እርከን ይገኛል። የቶዮታ 3ኤል ሞተር ሲሊንደር ስፋቱ 96 ሚሊ ሜትር ነው። ላይኛው ክፍል 0.2 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ የፋሻው አፍ እዚያ ሲደርስ 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ተጨማሪ ይከፈታል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር አዲሱ ፋሻ በየሰከንዱ 50 ጊዜ እየተከፈተ 50 ጊዜ ይዘጋል፤ እንዲህ ሆኖ ብዙ አይቆይም፣ መኪናውም ዘይት መብላቱን ይቀጥላል። መፍትሔው ሲሊንደሩን አስፍቶ 0.50 ወይም 1.00 ሚሊ ሜትር የገዘፈ ፒስተን መግጠም ነው። የትኛው እንደሚያስፈልግ ሳይለካ ስለማይታወቅ፣ ቀድሞ የተገዛ ፒስተን የባከነ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ቴስታታውም ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ሞተሩ ከቆላው ቀድሞ ይፈላል፤ ቴስታታው ይጣመማል፣ አንዳንዴም በቫልቮቹ መካከል ይሰነጠቃል። ፊቱ ሳይላግና ስንጥቁ በግፊት ሳይፈተሽ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለውን ማሸጊያ) መቀየር ያንኑ ሥራ ሁለቴ መክፈል ነው።

ሥራው በቅርብ ካልተገኘ ባሕር ዳር ሩቅ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ከዳንግላ 80፣ ከእንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግን መሄድ ያለበት መኪናው አይደለም፤ ሞተሩ እዚያው ተፈትቶ ብሎኩ፣ ክራንክሻፍቱና ቴስታታው ብቻ በጭነት ይላካሉ። ወጪው በዛ የሚለው ክርክር ጠንከር ይላል፣ በተለይ መኪናው በቆመበት ቀን ሁሉ ገቢ ለሚያጣ ሰው። ሆኖም ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተፈቀደ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በወራት ውስጥ ከ120 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባው መለዋወጫ ይህን ተከትሎ ሲወደድ የቶርኖ እጅ ዋጋ ግን የሚከፈለው ለአገር ውስጥ ጉልበት ነው። ስለዚህ የሚሞረድ ክራንክሻፍት እያለ አዲስ መግዛት ከቀድሞው ይበልጥ ያከስራል። ያገለገለ ሞተር ገዝቶ መቀየር ፈጣን መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሞተሩ ተከፍቶ የሲሊንደሩ ልክ ካልታየ ገዢው የሌላ ሰው ድካም ሊገዛ ይችላል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ ደግሞ አሁን በአገሩ ያለው ሞተር ተተኪው እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ ያለውን ብሎክ መቆጠብ ይገባል፤ ብሎክ ሊሰፋ የሚችለው ለተወሰኑ ጊዜያት ብቻ ስለሆነ በ0.50 ልክ ሊስተካከል የሚችለውን በግምት 1.00 ማድረስ የቀጣዩን እድሳት ዕድል ይወስዳል።