የአየር ፊልትሮ በጠባብ ቦታ፦ ሞተርን ከራያ አቧራ የማዳን ዘዴ

በሰሜን ወሎ ከወልዲያ ተነሥቶ፣ ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ የሚደርስ መኪና ወደ ራያ ቆላ ገባ ማለት ነው። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች በሚያዋስኑት ሰፊ ሜዳ ላይ ትገኛለች። አፈሩ ለማሽላና ለጤፍ የተመቸ ነው። ዝናብ በሌለባቸው ወራት ግን ይኸው ለም አፈር እንደ ዱቄት ይልማል፤ በፒስታና በእርሻ መንገድ ላይ ፊት የሄደው መኪና ያስነሣውን አቧራ ኋላ የመጣው ይጠጣዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ የአውድማው እብቅ ይጨመርበታል።

በሥራ ምክንያት በዚህ አካባቢ ስመላለስ ብዙ ሞተሮች ሲከፈቱ ተመልክቻለሁ። ያለ ዕድሜያቸው ካረጁት መካከል አዲስ ፊልትሮ የነበራቸው ጥቂት አይደሉም። ፊልትሮው ተገዝቷል፣ ተገጥሟል፤ ነገር ግን ቦታው ጠባብ በመሆኑ በቤቱ ውስጥ በትክክል አልተቀመጠም። የዛሬው ጽሑፌም በዚሁ ላይ ያተኩራል።

አቧራ ሞተር ውስጥ ምን ይሠራል?

ሞተር አንድ ሊትር ቤንዚን ለማቃጠል ወደ 10,000 ሊትር የሚጠጋ አየር ይስባል። በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚፈጅ መኪና በዚያው ጉዞ 100,000 ሊትር ያህል አየር ይውጣል ማለት ነው። የናፍጣ ሞተርማ ከዚህም የበለጠ ይስባል።

በአቧራው ውስጥ ያለው የኳርትዝ ብናኝ ሲሊንደርና የፒስተን ቀለበት ከተሠሩበት ብረት ይጠነክራል። በጣም ጎጂ የሚባለው ከ5 እስከ 20 ማይክሮን ስፋት ያለው ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ካሰብን፣ ይህ ዓይን የማያየው ብናኝ ነው። በዘይቱ ውስጥ ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። ከጊዜ በኋላ ሞተሩ ዘይት ይጠጣል፣ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ ጉልበቱ ይደክማል፤ በመጨረሻም ሞተር ማስወረድ የግድ ይሆናል። በአንድ ሚኒባስ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ይህ የወራት ገቢ ማጣት ነው።

ጠባቡ ቦታ ለምን ያስቸግራል?

በተለምዶ «አባዱላ» የምንለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን የቶዮታ ሃይስ ሞዴል እንውሰድ። ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበሮች ሥር ነው። ወንበር ሳይነሣ እጅ አይገባም፤ ቢገባም ዓይን ተከትሎ አይገባም። በመሆኑም መካኒኩ የፊልትሮውን ቤት ክዳን ግማሽ ያህል ብቻ ከፍቶ አሮጌውን ጎትቶ ያወጣል፣ አዲሱን አጣጥፎ ያስገባል። በዚህ ጊዜ የፊልትሮው ጠርዝ ላይ ያለው ጎማ ይታጠፋል ወይም ከመቀመጫው ይወጣል። በዚያች ክፍተት የሚገባው አየር በወረቀቱ በኩል አያልፍም። አሮጌና ቆሻሻ ቢሆንም በደንብ የተቀመጠ ፊልትሮ ከዚህ ይሻላል።

አገጣጠሙ

1. ሞተሩ ይብረድ። ነፋስ የማይበዛበት ቦታ ይምረጡ፤ በቆላው ማለዳ ይመረጣል። ፊልትሮው ቤት ላይ የተከመረውን አቧራ ሳይከፍቱ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ።

2. ቦታ ያስለቅቁ። ወንበሩን ያንሡ፣ የሚያስቸግር ቱቦ ካለ የብረት ቀለበቱን አላልተው ያውጡ። የአየር መለኪያ ሴንሰር ያለበት ሞተር ከሆነ ሶኬቱን መቆለፊያውን ተጭነው ይንቀሉ፤ ሽቦውን ይዘው አይጎትቱ። ይህች የአሥር ደቂቃ ሥራ ናት ክዳኑን ሙሉ በሙሉ ለመክፈት የምታስችለው።

3. አሮጌውን ቀስ አድርገው፣ ሳያራግፉ ያውጡ። ወደ ሞተር የሚወስደውን ቀዳዳ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑ።

4. የቤቱን ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። በኮምፕሬሰር መንፋት አቧራውን ወደ ሞተሩ ሊገፋው ይችላል። ጎማው የሚያርፍበትን ጎድጓዳ መስመር በጣትዎ ዞረው ይፈትሹ፤ የቀረ ጠጠር ወይም ስንጥቅ ካለ እዚህ ላይ ይታወቃል።

5. አዲሱን ከአሮጌው ጎን አስቀምጠው ቁመቱን፣ ስፋቱንና የጎማውን ውፍረት ያመሳክሩ። በጥቂት ሚሊ ሜትር ያነሰ ፊልትሮ ይገጥማል፤ አቧራ ግን ያሳልፋል።

6. የሸፈኑበትን ጨርቅ ማውጣትዎን ያረጋግጡ። ፊልትሮውን ሳያጥፉ አስገብተው አራቱንም ጠርዝ በጣትዎ ይጫኑ። ክዳኑ ከኋላ በኩል የሚሰካ ጥርስ ካለው መጀመሪያ እርሱን፣ ቀጥሎ የፊቱን መያዣዎች ይዝጉ። መያዣው በጉልበት ካልሆነ አልዘጋ ካለ ፊልትሮው አልተቀመጠም ማለት ነው፤ ከፍተው እንደገና ያስተካክሉ። ክፍተትን በማስቲሽ መድፈን መፍትሔ አይሆንም።

7. የነቀሉትን ቱቦና ሶኬት ይመልሱ። ከፊልትሮው እስከ ሞተሩ ያለው ጎማ ከተሰነጠቀ የእስካሁኑ ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

ማረጋገጫው

ከጥቂት ቀናት የፒስታ ጉዞ በኋላ ከፊልትሮው አልፎ ወደ ሞተር የሚወስደውን ቱቦ ነቅለው ውስጡን በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ። ጨርቁ ንጹሕ ከሆነ ሥራው ተሳክቷል። ቡናማ አቧራ ከያዘ የሚያስገባ ክፍተት አለ። ከዚህ ቀላልና ርካሽ ምርመራ አላውቅም።

ስለ ማስነፋት

በመንገዳችን ላይ ጎሚስታ ቤት ጎራ ብሎ ፊልትሮ በኮምፕሬሰር ማስነፋት የተለመደ ነው። ለጎማ የሚሆነው ግፊት ግን ወረቀቱን ይቀደዋል። የግድ ከሆነ ግፊቱ ከ2 ባር ሳይበልጥ፣ ከንጹሑ ወገን ወደ ቆሻሻው፣ ጫፉን ራቅ አድርጎ ይሁን። ከዚያ በጨለማ ቦታ ከኋላው መብራት ያብሩበት፤ የብርሃን ነጥብ ከታየ ተቀዷል፤ ይጣል። የወረቀት ፊልትሮ በውኃም ሆነ በቤንዚን አይታጠብም፣ ጎማ ላይም አይመታም።

በየቀኑ መክፈትም አይመከርም። ፊልትሮ ጥቂት አቧራ ሲይዝ አጣሪነቱ ይጨምራል፤ እያንዳንዱ መክፈት ደግሞ አቧራ የሚገባበት አጋጣሚ ነው። የአምራቹ መመሪያ አቧራ ለሚበዛበት አካባቢ ያስቀመጠውን አጭሩን የጊዜ ገደብ መከተል ይበቃል። የፊልትሮ ቤታቸው ግርጌ አቧራ የሚያራግፍ ትንሽ የጎማ አፍ ያላቸው መኪኖች ሲሆኑ ግን እርሱን በየጠዋቱ ጫን ጫን አድርጎ ማራገፍ ይጠቅማል።

መኪናዎን ለጋራዥ የሚሰጡ ከሆነም ቆመው ይዩ፤ «ወንበሩ ይነሣ» ብለው ለመጠየቅ አይፈሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ በዚያች ግማሽ ሰዓት የሚድነው ሞተሩ ራሱ ነው።