የዳህላክ ጉድጓዶችና የመቃብር ድንጋዮች

ከምጽዋ ማዶ ስላሉት የዳህላክ ደሴቶች ሲወሳ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ እስረኞቻቸው ነው። የኡመያ መንግሥት በ702 እ.ኤ.አ. ገደማ ከያዛቸው በኋላ የመዲናውን ባለቅኔ አል-አሕወስን ወደዚያ አግዞታል፤ ጣልያንም በኖክራ ደሴት ላይ ወህኒ ቤት ሠርቶ ነበር። ታዲያ ነዋሪውስ?

ምድሩ የኮራል ድንጋይ ነው፤ ወንዝ የለውም። ስለሆነም የጥንቱ ሰው በዳህላክ ከቢር አለቱን እየፈለፈለ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶች አበጀ። ቁጥራቸው እንደ ዓመቱ ቀናት 365 ነው ይባላል። (ማን ቆጥሮ ጨረሳቸው አትበሉኝ!) በዚህ ውኃ ሰውም ፍየልም ግመልም ኖረ። ወንዶቹ ዓሣ ያጠምዱ፣ ሉል ፍለጋም ወደ ባሕሩ ይጠልቁ ነበር፤ ትርፉ ግን በአብዛኛው የነጋዴው ነበር። ዳሃሊክ የሚባል የራሳቸው ቋንቋም አላቸው።

በመካነ መቃብሩ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተቀረጹ የዐረብኛ ጽሑፎች ይገኛሉ፤ የቀደሙት በኩፊ ፊደል ነው የተጻፉት። የሟቹ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የሞተበት ቀን፣ የቁርአን አንቀጽ አለባቸው። ጆቫኒ ኦማን የተባለ ጣልያናዊ ምሁር በ1976 እ.ኤ.አ. አጥንቶ አሳትሟቸዋል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ድንጋዮች ቀደም ብለው ተነቅለው ካይሮና ሞዴና ድረስ በየሙዚየሙ ተበትነዋል። አስተውሉ፤ የሰውየው ስም ባሕር ማዶ ሲነበብ፣ ዐፅሙ ያረፈበት ጉብታ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።