ከታይላንድ የመጣው ሻንጣ

ልጅ ሆኜ እናቴ አጥሚት አስይዛ ወደ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ትልከኝ ነበር። ጋሼ አንዴ ፉት ይሉና ፊታቸው ይጨማደዳል፤ ኩባያውን መልሰው ይሰጡኛል። አፋቸው ውስጥ የተቆራረጠ እርጎ የመሰለ ነጭ ነገር አይ ነበር። ሰፈሩ በሹክሹክታ «ያ በሽታ ነው» አለ። ሲሞቱም ነገሩ በዚያው ቀረ።

ካደግሁ በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። ያ ያየሁት ነገር ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ምልክት ነው። ካንዲዳ እኮ በጤነኛ ሰው አፍና አንጀት ውስጥም ይኖራል። የሰውነት መከላከያ ሲደክም ግን ይንሰራፋል፤ ጉሮሮ ድረስ ወርዶ ምራቅ መዋጥ እንኳ ያቅታል። ክሪፕቶኮከስ የሚባለው ሌላው ፈንገስ ደግሞ ከአፈርና ከርግብ ኩስ በትንፋሽ ይገባና ማጅራት ገትር ያመጣል። «ኤድስ ገደለው» ከተባሉት ብዙዎቹን የጨረሱት እንዲህ ያሉ ተከታይ በሽታዎች ናቸው።

ታዲያ መድኃኒት አልነበረም? ነበረ! የቀድሞው አምፎተሪሲን ቢ በደም ሥር የሚሰጥ፣ የሚያንቀጠቅጥና ኩላሊት የሚጎዳ ነው። ፋይዘር እንግሊዝ አገር የሠራው ፍሉኮናዞል ግን በአፍ የሚዋጥ ነው፤ አሜሪካም በ1990 እ.ኤ.አ. ፈቀደችው። ችግሩ ዋጋው ነበር።

ይህን ጉዳይ አደባባይ ያወጡት ደቡብ አፍሪካውያን ናቸው። ክሪስቶፈር ሞራካ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖር፣ ትሪትመንት አክሽን ካምፔይን የሚባለው ማኅበር አባል ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. ፓርላማ ቀርቦ ስለ መድኃኒት ዋጋ ተናገረ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ያው ካንዲዳ ጸንቶበት ሞተ።

የትግል ጓዱ ዛኪ አችማት በዚያው ዓመት ታይላንድ ሄደ። እዚያ ያው መድኃኒት ባዮዞል ተብሎ ይሸጥ ነበር፤ አንዱ ፍሬ 2 ራንድ አይሞላም ነበር። አገሩ ላይ ዋጋው ብዙ እጥፍ ነበር። በሺዎች የሚቆጠር ፍሬ ይዞ ኬፕታውን ገባ። የፋይዘርን ፓተንት እንደጣሰ ያውቃል፤ አልደበቀም፣ ለጋዜጠኞች ራሱ ተናገረ። ዘመቻውንም በሞራካ ስም ሰየሙት።

ግፊቱ ሠራ። ፋይዘር በዓመቱ መጨረሻ ከደቡብ አፍሪካ መንግሥት ጋር መድኃኒቱን በነጻ ለመስጠት ተስማማ፤ በ2001 ደግሞ ለሌሎች ድሃ አገሮችም እሰጣለሁ አለ።

እኔ ግን ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የጋሼ ኩባያ ነው ትዝ የሚለኝ። ሰፈሩ አፍሮ ስሙን ያልጠራው ነገር ስም ነበረው፤ መድኃኒትም ነበረው።

ወዳጆቼ፣ አፉ ነጭ ሆኖ መዋጥ ያቃተው ሰው ካያችሁ በሹክሹክታ አትለፉት፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። የጋሼን ነፍስ ይማር።