የተኩስ ሜዳና የኢምበር መንደር

ለአንድ የጦር ክፍል ማረፊያ ሲታቀድ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው የወታደሩን መኝታ፤ ወጥ ቤቱንና የመሣሪያ ግምጃ ቤቱን ነው። እኛ ግን በእንግሊዝ አገር የሚገኘውን የሶልዝበሪ ሜዳ ታሪክ ስንመረምር፤ ከሕንጻው ይልቅ ብዙ መሬት የሚወስደው መለማመጃው መሆኑን ተረዳን። ጠመንጃና መድፍ ርቀው መምታት በቻሉ መጠን፤ ከዒላማው በስተኋላ ሰው የማይደርስበትን ባዶ መሬት ማስፋት ግድ ሆነ።

የጦር ሚኒስቴሩ በዚያ ሜዳ መሬት መግዛት የዠመረው በ1897 ነው፤ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። ዛሬ ይዞታው 38 ሺሕ ሄክታር ያኽላል። ኢምበር የምትባለው የገበሬዎች መንደር በዚሁ መካከል ነበረች። ሚኒስቴሩ ከጦርነቱ በፊት አብዛኛውን እርሻና ቤት ገዝቶ፤ ነዋሪዎቹን በኪራይ አስቀምጧቸው ነበር። በእኛ አስተያየት የነገሩ ሥር ይኸው ነው፤ ጭሰኛ የሆነ ሰው ውጣ ሲባል የሚከራከርበት ርስት የለውምና።

ኖቬምበር 1 ቀን 1943 ሕዝቡ በትምህርት ቤቱ ተሰብስቦ በ47 ቀን ውስጥ እንዲለቅ ተነገረው። የአሜሪካ ወታደሮች ወደ አውሮፓ ምድር ከመሻገራቸው በፊት የመንደር ውጊያ የሚለማመዱበት ስፍራ አስፈልጎ ነበር። አስፈላጊነቱን አንክድም። 150 ያኽል ሰዎች፤ ጦርነቱ ሲያበቃ እንመለሳለን ብለው ወጡ። በ1961 ከሺሕ የሚበልጥ ሰው ወደ መንደሪቱ ገብቶ አቤት ቢልም፤ መሬቱ ለልምምድ እንደ ተያዘ ቀረ። የቅዱስ ጊልስ ቤተ ክርስቲያን በሽቦ ታጥሮ ቆሟል፤ በዓመት ውስጥ በተወሰኑ ቀኖች ብቻ ይከፈታል።