ብረቱን ጥሎ የሚጓዝ ዕቃ

ጅቡቲ፣ ዶራሌ ወደብ። ክሬኑ ኮንቴይነሩን በአራት ማዕዘኑ ይዞ ሽቅብ ያነሳዋል፤ ውስጡ ጎማ ይሁን መድኃኒት ጉዳዩ አይደለም። የባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላም ለብዙ ዘመን በጅቡቲ ጆንያ የሚወርደው በወዛደር ትከሻ ነበር። ሳጥኑ መጥቶ ሁሉን አንድ መልክ አስያዘው። ክፋቱ፣ ባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር ባዶውን ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። አንድ ኪሎ በርበሬ ጭኖበት የሚልክ ነጋዴ የሚከፍለው ለብረት ነው።

ሃስኬል የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም ለብረት ሲከፍል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1987 ተጠንስሶ በ1990 የወጣ «ሰነፍ» ቋንቋ ነው፤ ውጤቱ ካልተፈለገ ስሌቱን አይነካውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዋጋ ሜሞሪ ውስጥ የራሱ ሳጥን አለው፤ ሲከፈት ዕቃው ቀርቶ ገና ያልተፈጸመ ማዘዣ ሊገኝበት ይችላል። ፈንክሽኑ ልክ እንደ ክሬኑ የሳጥኑን አድራሻ ያቀብላል እንጂ ውስጡን አይጠይቅም።

እስቲ እንቁጠረው። ጂኤችሲ የተባለው የሃስኬል ኮምፓይለር በ64 ቢት ማሽን ሁለት ቁጥሮችን ሲያጣምር ለእያንዳንዱ 16፣ ለጥንዱ ወይም ለቱፕሉ ደግሞ 24 ባይት ይይዛል። ድምሩ 56። ቁጥሮቹ ራሳቸው 16 ባይት ናቸው፤ አርባው ብረት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 ከግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ሳይመን ፔይተን ጆንስ እና ጆን ላውንችበሪ አንድ መላ አመጡ፤ ሳጥን አልባው ዋጋ በቋንቋው ውስጥ በግልጽ ይጻፍ አሉ። ከዓይነቱ ስም ኋላ # ካለ ሳጥን የለም ማለት ነው። ማሸጉና መፍታቱ በጽሑፉ ስለሚታይ ኮምፓይለሩ ታሽጎ ወዲያው የሚፈታውን ይሰርዘዋል። ፈረንሳዊው ዣቪዬ ሌሯ እ.ኤ.አ. በ1992 ኤምኤል ለተባለው ቋንቋ ያቀረበው ሌላ ነበር፤ ፕሮግራመሩ ምንም ሳያይ ኮምፓይለሩ በየድንበሩ ያሽጋል፣ ይፈታል። እኔ ወደ ግላስጎው አደላለሁ፤ ጉምሩክ ደጅ የቆመ ሰው የሚከፍልበትን ነገር ማየት ይሻል።

ኋላ ቱፕሉም ሳጥኑን ጣለ። ሁለት ውጤት የሚመልስ ፈንክሽን ሁለቱን በፕሮሰሰሩ ሬጅስተር፣ ከእጅ ወደ እጅ ያስረክባል። የሚያስከፍለው ግን አለ፤ ማንኛውንም ነገር የሚሸከመው ተራ ዝርዝር እንዲህ ያለውን ቱፕል አይቀበልም። ክሬኑ የሚይዘው ማዕዘን የለውማ።

ጂኤችሲ ግብዓትና ውጤትን ራሱን በዚህ ቱፕል ነው የሚያስኬደው። በአንዱ ወገን የተጠየቀው ውጤት፣ በሌላው የሥራውን ቅደም ተከተል ብቻ የሚጠብቅ «የገሃዱ ዓለም» ምልክት ይቀመጣል። ፕሮግራሙ ሲሮጥ ያ ዓለም የሚይዘው ቦታ 0 ባይት ነው።