በቤት የተሰፋ የሕፃን ቀሚስ
ጥሊሊ፣ አዊ ዞን። በእጅ የተፈተለ ጥጥ፣ ባለቀለም የጥልፍ ክር

ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ጥሊሊ ደጋ ናት፤ ጥጡ ከቆላ በገበያ ይመጣል። ፍሬው በመዳመጫ ይወጣል፣ ጥጡ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ ይህ ሁሉ የእናትና የአያት ሥራ ነው። ሽመናው የሸማኔ ድርሻ ሲሆን ስፌቱና ጥልፉ ወደ ቤት ይመለሳል።

ጠርዙን ጠጋ ብለው ይመልከቱ። ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ ታጥፎ በሰፋፊ ስፌት ተይዟል፤ ልጅቷ ስታድግ ክሩ ተመዞ ቀሚሱ እንዲረዝም ነው። አንገቱ ጭንቅላት እንዲያሳልፍ ከፊት ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ እንዳይተረተር የገባው ስፌት በዚያው ወደ መስቀል ጥልፍ አድጓል። ጥልፉ ከጀርባው በኩል ቋጠሮ የለውም፤ የሕፃን ገላ እንዳይቆረቁር ታስቦበታል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከፊት ካለው ጌጥ እኩል ሊደነቅ ይገባል።

የዘወትር ልብስ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ካረጀ የእናት ቀሚስ ወይም ጋቢ ነው፤ ደጋግሞ የታጠበ ጨርቅ ይለሰልሳል። ለክርስትና፣ ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን፣ እንዲሁም ለጥምቀት ግን አቅም በፈቀደ አዲስ ይሰፋል። የጠበበ ልብስ ለታናሽ ይተላለፋል፤ በብብቱ ስር ያሉት ሁለት መጣፊያዎች ይህ ቀሚስ ከአንድ ልጅ በላይ እንዳለበሰ ያሳያሉ።