የኢያቄም ሸለቆ ገንዘብ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አዛውንት ወደምሠራበት የባንክ መስኮት ቀርበው በጨርቅ የተጠቀለለ የወረቀት ገንዘብ አወጡ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለበት፣ ጠርዙ ያለቀ የአሥር ብር ኖት ነበር። «ልጄ፣ የልጅ ልጄ እንግሊዝኛውን አንብቦ ዶላር ነው ብሎኛል፤ እስቲ መንዝርልኝ» አሉኝ። ተቀብዬ አየሁት። በእርግጥም በአማርኛው «ብር»፣ በእንግሊዝኛው «ዶላር» ይላል። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ሳቀ፤ እኔም፣ ልደብቀው አይገባኝም፣ ፈገግ አልሁ። «አባቴ፣ ይህ የድሮ ገንዘብ ነው፤ ዛሬ አይሠራም» ብዬ መለስሁላቸው። «ታዲያ ለምን ዶላር ብለው ጻፉበት?» ሲሉኝ ግን መልስ አጣሁ። ዲግሪ ይዤ፣ ለዓመታት ዶላር እየቆጠርሁ፣ የቃሉን ፍቺ አላውቅም ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ለእርሳቸው ያልመለስሁትን እነሆ ለእናንተ አቀርባለሁ።

«ዶላር» የእንግሊዝኛ ስም ይሁን እንጂ ትውልዱ ከእንግሊዝም ከአሜሪካም አይደለም። ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው፣ ያኔ ቦሄሚያ ትባል በነበረችው አገር፣ በ1516 እ.ኤ.አ. ግድም በአንድ ሸለቆ ውስጥ የብር ማዕድን ተገኘ። በስፍራው የተቆረቆረችው ከተማ በቅዱስ ኢያቄም ስም «ዮአኪምስታል» ተባለች፤ በጀርመንኛ «ታል» ሸለቆ ማለት ነውና «የኢያቄም ሸለቆ» መሆኑ ነው። ይህ ኢያቄም ሌላ አይደለም፤ እኛም ከሐና ጋር አጣምረን የምንጠራው የእመቤታችን አባት ነው። የአካባቢው ባላባቶች፣ ሽሊክ የሚባሉት፣ ከዚያ ማዕድን ትልልቅ የብር ገንዘብ አስቀረጹ፤ ገንዘቡም «ዮአኪምስታለር» ተባለ። ነጋዴ ረጅም ስም አይወድም፤ አሳጥሮ «ታለር» አለው። በሰሜን አገሮች አፍ «ዳለር»፣ በእንግሊዞች አፍ ደግሞ «ዶላር» ሆነ። የቅዱሱ ስም ከቃሉ ወድቆ ሸለቆው ብቻ ቀረ። እንግዲህ ዓለም የሚንቀጠቀጥለት ቃል ፍቺው «የሸለቆው» ማለት ነው። (ያቺው ከተማ ዛሬ ያኪሞቭ ትባላለች፤ ማሪ ኩሪ በ1898 እ.ኤ.አ. ራዲየምን ያገኘችበት ማዕድንም የመጣው ከዚያ ነው።)

ቃሉ ከአሜሪካ መንግሥት ይቀድማል። ሼክስፒር በ«ማክቤዝ» ተውኔቱ ውስጥ ተጠቅሞበታል፤ አሜሪካ ነፃነቷን ከማወጇ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ መሆኑ ነው። በኋላ እንግሊዞች የስፔንን ትልቅ የብር ገንዘብ በዚሁ ስም ጠሩት፤ የአሜሪካ ሰፋሪዎችም በእርሱ ስለ ተገበያዩ ኮንግረሳቸው በ1785 እ.ኤ.አ. ዶላርን የአገሩ መለኪያ አድርጎ መረጠ። ተመሳሳይ ቃላትም አላጣም። «ባክ» ወንድ አጋዘን ነው፤ ቆዳው እንደ ገንዘብ ከሚሠራበት ዘመን የቀረ ነው ይባላል። «ግሪንባክ» ደግሞ በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ ከታተመው፣ ጀርባው አረንጓዴ ከሆነው ኖት የመጣ ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። የዚያ የታለር ልጅ ነው አያቶቻችን ማርትሬዛ ብለው የተገበያዩበት። የኦስትሪያዋ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ብታርፍም ገንዘቧ ከሞቷ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ጭምር ተቀርጿል፤ ዓመቱ ግን ምንጊዜም 1780 ነው። ክብደቱ 28 ግራም ግድም ሲሆን ከዚያ ውስጥ ከ23 ግራም በላይ ንጹሕ ብር ነበረው። ባላገሩ በደረቷ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች እየቆጠረ፣ አጥርተው ካልታዩ አልቀበልም ይል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በራሳቸው ምስል በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ ብር ቢያስቀርጹም ማርትሬዛን ከገበያ ሊያስወጡት አልቻሉም። ሙሶሎኒም ይህን ስላወቀ በ1935 እ.ኤ.አ. ማተሚያውን ከቪየና ተቀብሎ በሮም ያስመታው ጀመር። በንጉሥ ስም ሳይሆን በሞተች ሴት ስም አገራችንን ሊገዛበት ማሰቡ እስካሁን ያስገርመኛል።

አማርኛ ታለርም ዶላርም አላለውም፤ «ጠገራ»፣ አብዝቶ ደግሞ በማዕድኑ ስም «ብር» አለው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ገንዘብ ሲወጣ አማርኛው «ብር»፣ እንግሊዝኛው «ዶላር» ተባለ። የመንግሥት ባንኩ ገዥ ጆርጅ ብላወርስ አሜሪካዊ ስለ ነበሩ ስሙ ከአሜሪካ የተዋሰ ይመስላል። ለእኔ ግን ማርትሬዛን ለያዘ ሕዝብ ዶላር ባዕድ አልነበረም፤ ያው ታለር በሌላ በር መግባቱ ነው። በ1969 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ስም ተነሥቶ በሁለቱም ቋንቋ ብር ሆነ።

አዛውንቱ በያዙት ኖት ዘመን አንድ የአሜሪካ ዶላር በሁለት ብር ተኩል ግድም ይመነዘር ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ተለቅቆ ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲያልፍ፣ የምንዛሪ ሰሌዳውን በየማለዳው ስንቀይር እርሳቸውን አስብ ነበር። ያን ዕለት «ካልሠራም መልስልኝ፤ የአባቴ ነው» ብለው ኖቱን በዚያው ጨርቅ ጠቅልለው ወጡ። እስካሁን አልተመለሱም።